አሥራ ስምንት የሞላው መቼ ነው?

በ1997 ዓ.ም. ሁለት አገሮች በሁለት ወር ከሳምንት ልዩነት አንድ ወሰን ላይ ቆሙ። የካቲት 22 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው በሞት መቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ይኸው ክልከላ በአንቀጽ 117 የሰፈረበት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ።

እዚህ አሜሪካ የሕገ መንግሥቱ 8ኛ ማሻሻያ ጭካኔ የተሞላበትንና ያልተለመደ ቅጣትን ይከለክላል እንጂ ዕድሜ አይጠቅስም። ቁጥሩን ያመጡት ዳኞቹ ናቸው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በ15 ዓመቱ በገደለ ልጅ ላይ የተፈረደውን ሞት ሻረ፤ በዓመቱ ግን የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ሊገደል ይችላል አለ። ይህ የተለወጠው ከላይ በተጠቀሰው የካቲት 1997 (እ.ኤ.አ. 2005) ውሳኔ፣ በ17 ዓመቱ በገደለው ሲመንስ ጉዳይ (የሮፐርና የሲመንስ ክርክር)፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ነው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ፣ ልጅ አርቆ እንደማያይ፣ በጓደኛ ግፊት ቶሎ እንደሚሸነፍ፣ ጠባዩም ገና እንዳልረጋ አስረዱ። እውነት ነው። ግን የአንድ ዳኛ ድምፅ ወዲያ ቢሄድ ኖሮ የ17 ዓመቱ ልጅ ሞት ይጠብቀው እንደነበር ማሰብ ያስጨንቃል።

አገር ቤት ሕግ አውጪው ራሱ በግልጽ ጽፎታል፤ ለዳኛ ትርጉም አልተወውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ግን በከባድ ወንጀል ሞትን ሲፈቅድ ዕድሜ አይለይም። ስለዚህ አንድ ቀን የወንጀል ሕጉ ቢሻሻል፣ ልጁን የሚያስጥለው ክርክር የሚነሳው አገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የሕጓ አካል ከሚያደርገው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) እና መብቶች ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ከሚያዘው ከአንቀጽ 13(2) ነው፤ በእነሱ በኩል ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37፣ 18 ሳይሞላው ያጠፋን በሞት መቅጣትን የሚከለክለው፣ ይመጣል። አሜሪካ ይህን ስምምነት ፈርማለች እንጂ አላጸደቀችም።

የአገር ቤቱ ክፍተት ማስረጃው ላይ ነው። የሚቆጠረው ዕድሜ ወንጀሉ በተፈጸመበት ቀን የነበረው እንጂ በፍርዱ ቀን ያለው አይደለም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ብዙ ወጣት የልደት ወረቀት የለውም። የክርስትና ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ሐኪም የእጅ አንጓ አጥንት በራጅ ያያል። ራጅ ቀን አይናገርም፤ አንድና ሁለት ዓመት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። 17ን ከ19 መለየት በማይችል ምርመራ ሞት ሊፈረድ አይገባም፤ ጥርጣሬው ለልጁ መቆጠር አለበት።

ይህ ወደ አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦችንም ይነካል። በስደተኝነት ሲመዘገቡ የተወለዱበት ቀን ያልታወቀ ብዙዎች ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸዋል። በዚያው የፈረንጅ ዓመት መስከረም ላይ የተወለደ ልጅ እንዲህ ከተጻፈ፣ በወረቀት ከእውነተኛ ዕድሜው ስምንት ወር ቀድሞ 18 ይሞላዋል። ልጁ በወንጀል ከተከሰሰ፣ ወላጅ የክርስትናውን ወረቀት አስተርጉሞ ለጠበቃው መስጠት ያለበት በመጀመሪያው ቀጠሮ ነው፤ መዝገቡ ላይ አንዴ የሰፈረ ዕድሜ በኋላ ለማረም ከባድ ነው።