ለትንሽ ሽጉጥ ትልቅ ጉራ

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አላስካ ነው። ለጥምቀት መጥቶ ጣና ዳር ዓሣ ልንበላ ተቀመጥን። ስልኩን አወጣና እዚያ የገዛትን ሽጉጥ በፎቶ አሳየን። መዳፍ የማትሞላ ሪቮልቨር፣ ማለትም ባለ ተሽከርካሪ ከበሮ ሽጉጥ ናት። አምስት ጥይት ትጎርሳለች። "ፎርቲ ፎር ማግነም ናት። ከሁሉም ኃይለኛውን ጥይት ነው የማጎርሳት። ድብ አለ እኮ!" አለ።

አጎቴ በልጅነቱ የአባቱን ውጅግራ ተኩሷል። የዓሣውን እሾህ እየለቀመ ዝም ብሎ ሰማው። ከዚያ ጠየቀው፦ "ሁለተኛዋ ጥይትስ የት አረፈች?"

ልጁ ሳቀ። ለካ እጁን እያመመው ሁለተኛዋ ሰማይ ለሰማይ ነው የምትሄደው።

እኔ ከአጎቴ ጋር ነኝ፤ ለትንሽ ሽጉጥ የሚሻለው ሁለተኛዋንም ዒላማ ላይ የሚያሳርፍ ለዘብ ያለ ጥይት ነው። እኛ ጋ መሣሪያ የሚደነቀው በጩኸቱ ነው። ሰርግ ላይ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ የት እንደሚወርድ መች ያስባል? የአክስቴ ልጅም ይህንኑ አመል ይዞ ነው አላስካ የገባው።

ማግነም የሚባለው ጥይት እ.ኤ.አ. በ1955 ሲወጣ የታሰበው ለከባድ፣ አፈሙዙ ረዘም ላለ ሽጉጥ ነበር። ባሩዱ ብዙ ነው። አጭር አፈሙዝ ውስጥ ነዶ ሳያልቅ ተወርዋሪው እርሳስ ይወጣል። የተረፈው ውጭ ይነዳል፤ ዓይን ያጥበረብራል፣ ጆሮ ያደነቁራል። ድቡን ግን ምንም አያደርገውም።

ከእሱ የሚቀድመው ፎርቲ ፎር ስፔሻል የሚባለው ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ አለ። የጥንቱ 16 ግራም የሚጠጋ እርሳስ በሰከንድ 230 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ዘገምተኛ ነው። ውፍረቱ ግን ወደ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንደ ውጅግራው ማለት ነው። ቀለሁ በ3 ሚሊ ሜትር ስለሚያጥር የማግነም ሽጉጥ ስፔሻልን ያለ ችግር ይጎርሳል። ተገላቢጦሹ አይሆንም፤ አይሞከርም።

ለድብ ስፔሻል ያንሳል የሚል ካለ አልጣላውም። በሁለቱ መካከል መለስተኛ ጥይትም ይሸጣል። ጫፉ ጠፍጣፋ፣ እርሳሱ ጠንካራ የሆነውን ይምረጥ። ሲመታ እንዲከፈት ጫፉ የተቦረቦረው ጥይት አጭር አፈሙዝ በሚሰጠው ፍጥነት ላይከፈት ይችላል፤ ከተከፈተም ወፍራም አውሬ ውስጥ ጠልቆ አይገባም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጣጣ አለ። ቀላል ሽጉጥ በኃይለኛ ጥይት ሲራገጥ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳሳቸው ከቀለሁ ወደ ፊት ይሳባል። ትንሽ ብቅ ካለ ጥይት የያዘው ከበሮ ይነክሳል፤ አይዞርም። ድብ ፊት ለፊት ቆሞ ቃታ እየሳቡ መቅረት ነው! መላው ቀላል ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ አምስቱንም ማጉረስ፣ አራቱን መተኮስ፣ አምስተኛዋን አውጥቶ ሽጉጡ ውስጥ ካልገባች ጓደኛዋ ጋር ጎን ለጎን መለካት። ከረዘመች ያ ጥይት ለዚያች ሽጉጥ አይሆንም።

ይህን ሳስረዳው ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ እየመጣ ነበር። ቀዛፊው ውሃው ከታንኳው ጠርዝ ምን ያህል እንደራቀ ደጋግሞ ያያል። አጎቴ በአገጩ አሳየው፤ ምንም አልጨመረም።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ደወለ። መለስተኛውን ገዝቶ አምስቱንም በተከታታይ ተኩሷል፤ አራቱ ካርቶኑ ላይ አርፈዋል። አጎቴ ስልኩን ተቀበለኝ።

"ድቡንስ አየኸው?"

እስካሁን አላየውም።