ልጅቷ ተኝታለች፤ ፊልሙን ግን አልዘጋሁትም

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ "አንድ ፊልም ብቻ" ብላ ለመነችኝና ሶፋው ላይ ትከሻዬን ተደግፋ ማየት ጀመረች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቷ ዘመም አለ። ሪሞቱ እጄ ላይ ነበር። መደረግ ያለበት ግልጽ ነው፤ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ፣ ልጅቷን አቅፎ አልጋዋ ላይ ማስተኛት። እኔ ድምፁን ትንሽ ቀነስኩና ቀጠልኩ።

እህቴ ገባች። ቴሌቪዥኑን አየች፣ ልጇን አየች፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ።

"ለማን ነው የተከፈተው?"

"ለሷ ነዋ!" አልኩ። ልጅቷ እያንኮራፋች ነበር።

የልጆች ፊልም የሚወድ አዋቂ ይህን ውሸት ያውቀዋል። "ልጆቹን ይዤ ሄጄ ነው ያየሁት" ይላል አንዱ። "ቤት ውስጥ ሲከፍቱት እግረ መንገዴን አየሁት" ይላል ሌላው፤ ግን የጠንቋዩን ድግምት በቃሉ ይወጣዋል። እኔማ ከዚህም ብሻለሁ። አንድ ቀን ብቻዬን ሲኒማ ሄጄ ቲኬት ሻጯ "ከስንት ልጅ ጋር ነዎት?" ስትለኝ "እየመጡ ነው" ብዬ አንድ ቲኬት ገዛሁ። አንድ። ቲኬት ሻጯ ምንም አላለችም፣ ፈገግ ብላ መልሴን ሰጠችኝ።

ሀፍረቱን ነጋዴዎችም ያውቁታል። የልጅ ጠንቋዩ የሃሪ ፖተር ታሪክ የእንግሊዝ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1998 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) የመጀመሪያውን መጽሐፍ በሌላ ሽፋን አወጣው። ውስጡ ያው ታሪክ ነው። ሽፋኑ ላይ ግን ለልጆች የተሣለው ሥዕል ቀርቶ ጥቁርና ነጭ የባቡር ፎቶ ገባበት፤ ትልቅ ሰው ሰው ፊት ሳይሸማቀቅ እንዲያነበው ነው። ፊልም እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም። ስለዚህ ልጆቹን ሽፋን አደረግናቸው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ነገር በደንብ አድርጎ ሙድ ይይዝብኛል። "አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምታድገው?" ይለኛል። ይህ ሰው ጌም ኦፍ ትሮንስ የተባለውን ተከታታይ ፊልም ስምንቱንም ሲዝን ሳያጓድል የተከታተለ ነው። እዚያ ዘንዶ እሳት ይተፋል፣ ሙታን ተነስተው ይዋጋሉ። "እሱ እኮ የአዋቂ ነው" አለኝ። ምኑ ነው የአዋቂ? ዘንዶው እንደሆነ ያው ዘንዶ ነው። ልዩነቱ እዚህኛው ላይ አንገት ይቀላል፣ ልብስ ይወልቃል። ደምና እርቃን የአዋቂነት መታወቂያ ከሆኑማ፣ እነሱን ለማየት ከሁሉ በላይ የሚቋምጠው የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ነው።

ሰዎች ለዚህ ክርክር ጳውሎስንም ይጠሩታል፤ ጎልማሳ ስሆን የልጅነትን ጠባይ ሻርኩ ያለውን። ምዕራፉ ስለ ፍቅር ነው። ስለ ካርቱን የጻፈው አይመስለኝም።

ደግሞ ለፊልም የሚወጣውን የዕድሜ ምደባ ተመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ ፒጂ-13 የሚባለው ደረጃ የመጣው በ1984 ነው። በዚያ ዓመት ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ገብተው፣ በሁለት ፊልሞች ደንግጠው ወጡ። አንዱ የኢንዲያና ጆንስ ሁለተኛው ፊልም ነው፤ ከሰው ደረት ውስጥ ልብ በእጅ የሚወጣበት። ሌላው ግሬምሊንስ ነው። በዚህ የተነሳ "ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ተጠንቀቁ" የሚል ምልክት ተጨመረ። ልብ በሉ፣ ምደባው የሚለው ማን ገና ልጅ እንደሆነ ነው። "ከ35 ዓመት በላይ መግባት ክልክል ነው" የሚል ምልክት ግን አይቼ አላውቅም። ጣሪያውን የሠራነው እኛው ነን፤ በይሉኝታ።

እንዲያውም ተረት መጀመሪያ የልጆች አልነበረም። ጀርመናውያኑ የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ተረቶቻቸውን ሲያሳትሙ ሥራው የምሁር ሥራ ነበር፤ የቃል ታሪክ እንዳይጠፋ መሰብሰብ። ለልጅ አይሆንም የሚል ወቀሳ መጣባቸውና በየእትሙ ያለሰልሱት ጀመር። በመጀመሪያው እትም በተረቷ ልጅ በስኖው ዋይት ቁንጅና ቀንታ ልታስገድላት የምትሞክረው የገዛ እናቷ ናት። በ1819 እትም የእንጀራ እናት ሆነች። የእንጀራ እናቶች ስም በአንድ ብዕር ጠፋ ማለት ነው።

የዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ደራሲ ቶልኪን በ1939 ስለ ተረት በሰጠው ንግግር አንድ ጥሩ ነገር ብሏል። እንደ እሱ አባባል ተረት ወደ ልጆች ክፍል የገባው እንደ አሮጌ የቤት ዕቃ ነው። አዋቂዎቹ አልፈለጉትም፤ ልጆቹ ቢሰብሩትም ግድ የላቸውም። ይህቺን የቤት ዕቃ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የልጆች ፊልሞችን ለምንድን ነው የምወዳቸው?

አፕ የተባለውን የ2009 ፊልም ከእህቴ ልጅ ጋር ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። በሺህ በሚቆጠር ፊኛ ቤቱን ከመሠረቱ ነቅሎ ስለሚበር ሽማግሌ ነው። መጀመሪያው አካባቢ አራት ደቂቃ ያህል ንግግር የለም፤ ሙዚቃ ብቻ። ካርልና ኤሊ ይጋባሉ። የተጎሳቆለ ቤት ያድሳሉ። ሣር ላይ ተጋድመው ደመና ያያሉ፣ ደመናው ሁሉ ሕፃን ይመስላቸዋል። ለሕፃን ክፍል ያዘጋጃሉ። ከዚያ የሐኪም ቤት ክፍል ይመጣል፤ ኤሊ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ማንም ምንም አይልም። ቀጥሎ ለአንድ ጉዞ ሳንቲም ማጠራቀም ይጀምራሉ፤ ጠርሙሱ ላይ የሚሄዱበት ቦታ ስም አለ። ጎማ ይፈነዳል፣ ጠርሙሱ ይሰበራል። ካርል እግሩን ይሰበራል፣ ጠርሙሱም አብሮ። ዛፍ ጣሪያው ላይ ይወድቃል፣ እንደገና ጠርሙሱ። ከዚያ አንድ ቀን ሁለቱም ሸብተዋል። ጉዞው ተረስቷል።

ለአንድ ነገር ብሎ አስቀምጦ ለሌላ ነገር ያወጣ ሰው ያንን ጠርሙስ ያውቀዋል። እኔ መነጽሬን አውልቄ እየጠረግኩ ነበር። የእህቴ ልጅ ጎሸም አደረገችኝ፦

"ቤቱ መቼ ነው የሚበረው?"

አልተሳሳተችም። እሷ የመጣችው ቤት ሲበር ለማየት ነው፣ ቤቱም ይበራል። ለእሷ አራቱ ደቂቃዎች ሰዎች የማያወሩባት አሰልቺ ቦታ ናቸው። ለእኔ ደግሞ ፊልሙ እዚያው አልቋል፣ የቀረው ምርቃት ነው። አንድ ሶፋ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፊልም።

ይህን ነገር የአዋቂ ፊልም ለምን እንዲህ አድርጎ አይሰጠኝም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። የሚሰጡ አሉ፣ አልክድም። ግን ለአዋቂ የሚሠራ ዳይሬክተር መደበቂያ አለው። ነገሩን ያድበሰብሰዋል፣ ገጸ ባሕርያቱ በሐዘናቸው ይቀልዳሉ፣ መጨረሻው ክፍት ይሆናል። ያልገባን እንደሆነ ጥፋቱ የኛ ነው፤ "ጥልቅ ነው" ብለን እንወጣለን። ልጅ ግን እንዲህ አያደርግም። ዳይሬክተሩ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ሽልማቱ አይገባውም። ካልያዝከው ተነስቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለልጅ የሚሠራ ሰው ሞትን ሞት፣ ፍርሃትን ፍርሃት ብሎ መጥራት አለበት። እኔ ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ የናፈቀኝ ይሄ ግልጽነት ነው።

ጃፓናዊው የካርቱን ፊልም ሠሪ ሚያዛኪ በ2001 የሠራው ስፒሪትድ አዌይ ደግሞ አለ። ሰውየው ፊልሙን የሠራው ለአስር ዓመት ሴቶች ልጆች እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል፤ የወዳጆቹን ልጆች እያየ ነው ያሰበው። በርሊን ላይ ወርቃማውን ድብ ያገኘው፣ ኦስካርም የወሰደው ግን ከአዋቂ ዳኞች ነው። ዳኞቹ ያለ ልጅ መግባታቸውን እንዴት እንዳስረዱ እንጃ።

እዚያ ፊልም ላይ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ የትንሿ ቺሂሮ፣ እናትና አባት የነሱ ያልሆነ ምግብ ላይ ይሰፍሩና አሳማ ይሆናሉ። ልጅ ሲያየው የሚፈራው ግልጽ ነው፤ ወላጆቼ ባያውቁኝስ? እኔን ግን የሚያስፈራኝ አባትየው ነው። አፉ እየጎረሰ "አይዞሽ፣ ገንዘብም ካርድም አለኝ" የሚለው። የተረጋጋ ነው፣ እርግጠኛ ነው፣ ልጁ ስትጣራ ዞር አይልም። ልጅ እያለሁ ባየው ኖሮ ራሴን ቺሂሮ ላይ ነበር የማገኘው። አሁን አሳማው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ወደ መጨረሻው ደግሞ ባቡር አለ። ሐዲዱ ውኃ ውስጥ ነው። ቺሂሮ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ ያ ጭንብል ያጠለቀው ዝምተኛ መንፈስ አለ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች እንደ ጥላ ናቸው። በየጣቢያው ይወርዳሉ፣ ይመሻል፣ ባቡሩ ይሄዳል። ምንም አይፈጠርም። ለአስር ዓመት ልጆች በተሠራ ፊልም ውስጥ አንድ ሰው "ዝም ብላችሁ በመስኮት እዩ" ማለት ደፍሯል። ከእሱ ወዲህ ብዙ የአዋቂ ፊልም ሲጣደፍብኝ ያ ባቡር ትዝ ይለኛል።

የልጆች ፊልም ብቻ የሚያይ ሰው የምር ያሳስበኛል። ከሌላ ነገር መሸሽ ሊሆን ይችላል። ግን ጨለማ ፊልም ብቻ የሚያየውም ያው ነው፣ ስለዚህ ይህን ልለፈው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ወደ ቤት ዕቃዋ ልመለስ። እኛ አዋቂዎቹ ዕቃውን ልጆቹ ክፍል ጣልነው። አሁን ናፈቀንና ተመለስን። ጥሩ። እንግዳ ሆነን ተቀመጥን። ግን ቀስ በቀስ ዕቃውን ማዟዟር ጀመርን። "ይሄ ወንበር ትንሽ ነው፣ ትልቅ አምጡ። ግድግዳው ለምን ቢጫ ሆነ? ግራጫ ቀቡት።"

አንድ የድሮ ፊልም እንደገና ሲሠራ ኢንተርኔት ላይ የሚጮኸው ማን ነው? የአርባ ዓመት ሰው። "ልጅነቴን አበላሹት" ይላል። ወንድሜ፣ ልጅነትህ ካለቀ ቆየ፤ ማንም ገብቶ የሚያበላሸው ነገር የለም። ይሄኛው ለሌላ ልጅ ነው። ሌላው ደግሞ "እኔ አድጌያለሁ፣ ፊልሙም አብሮኝ ይደግ" ባይ ነው፤ ጨለማ ይሁን፣ ሦስት ሰዓት ይሁን፣ ሰው ይሙትበት ይላል። ፊልም ሠሪዎቹም ይሰሙናል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ እኛ ዘንድ ነው። ኢንሳይድ አውት 2 የተባለው የካርቱን ፊልም በ2024 ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ያን ሁሉ ብር ልጆች ከቁጠባ ሣጥናቸው አውጥተው አልከፈሉትም። ቶይ ስቶሪ የተባለው ካርቱንም ከ1995 እስከ 2019 አራት ጊዜ ተሠርቷል፤ የመጀመሪያውን በአምስት ዓመቱ ያየ ልጅ አራተኛው ሲወጣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አዘጋጆቹ እሱን የማያውቁት ይመስላችኋል?

ለኛ ተብሎ የሚጨመረው ቀልድም አለ። ከልጁ ራስ በላይ ተወርውሮ እኛ ጋ የሚደርስ፤ ስለ ታክስ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አንድ የድሮ ፊልም። እኛ እንስቃለን፣ ልጁ ዞር ብሎ ያየናል። "ምን አለ?" ይላል። በራሱ ድግስ ላይ ባይተዋር ሆነ ማለት ነው። እነዚያ ቀልዶች ያስጠሉኛል። የአፕ ጠርሙስ ላይ እንዲህ ያለ ጥቅሻ የለም። ባቡሩ ላይም የለም። ሁለቱም ለልጅ ተብለው በቅንነት የተሠሩ ናቸው፣ እኔን ያገኙኝም በዚያው ነው።

ስለዚህ ለባልደረባዬ መልሴ አጭር ነው፤ አዎ አያለሁ፣ ያለ ልጅም አያለሁ። ቲኬት ሻጯንም ዳግም አልዋሻትም። ትንሹ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ እቀመጣለሁ፣ ወንበሩን ግን ቀይሩልኝ አልልም።

ቅዳሜ ማታ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየሁት። ልጅቷን አቅፌ ሳስተኛት አንድ ዓይኗን ገለጠች።

"አለቀ?"

"ኧረ አላለቀም፣ ዘጋሁት።"

"ያለኔ እንዳታየው።"

"እሺ።"

እሁድ ጠዋት ከቆመችበት ጀመርን። ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፣ እኔም አጠገቧ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ፊልሙን አቆመችና ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ።

"አጎቴ፣ አይተኸዋል አይደል?"

"ኧረ በፍጹም!"

"ታዲያ ገና ሳይወድቅ ለምን ሳቅክ?"