መዝጋቢዋ ሁለቱንም ወረቀት እኩል ትይ
እዚህ ጅማ ኮድ የሚጽፉ ልጆች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የምሰማው "ዌብ አፕ ውስጥ እንደ ዴስክቶፕ የሚጎተት ዊንዶው ምን ያደርጋል፣ ዘመኑ የስልክ ነው" የሚል ነው። ዌብ አፕ ማለት በብሮውዘር የሚከፈት ፕሮግራም ነው፣ ዊንዶው የሚሉት ደግሞ እሱ ውስጥ የሚከፈተውን ሳጥን ነው። እኔ በፍጹም አልስማማም። እስቲ የቡና ወቅት ሲገባ አንድ አቅራቢ ቢሮ ገብታችሁ እዩ፣ መዝጋቢዋ የሚዛኑን ደረሰኝ፣ የገበሬውን የቆየ ሂሳብና የእለቱን ዋጋ ባንዴ ማየት አለባት፣ ሲስተሙ ግን አንዱን ስትከፍት ሌላውን ይዘጋባታልና ኪሎውን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ነው ወደ ሌላው ገጽ የምትሄደው፣ በዚህ መሃል 86 ኪሎው 68 ሆኖ ይገባል፣ የሚጎዳው ደግሞ ጀንፈሉን ይዞ የመጣው ሰውዬ ነው። ሌላ ታብ ትክፈት ይባላል፣ ታብም እኮ አንዱን እያሳየ ሌላውን ይደብቃል።

ከተሰራ ግን በደንብ ይሰራ። ሳጥኑን በማውስ እንዲጎተት ማድረግ ቀላል ነው፣ ጣጣው ከዛ በኋላ ነው። ውስጡ አይፍሬም፣ ማለትም ገጽ ውስጥ የተከተተ ሌላ ገጽ፣ ካለ ማውሱ እሱ ላይ ሲያርፍ ዋናው ገጽ እንቅስቃሴውን መስማት ያቆማል፣ እሷ ጣቷን አንስታለች ዊንዶው ግን አልተለቀቀም፣ ማውሱ ሲመለስ ተለጥፎ ይከተላታል፣ ስለዚህ እስክትለቀው አይፍሬሙ ማውስ እንዳይቀበል መዝጋት ነው። ዜድ ኢንዴክስም፣ ማለትም የትኛው ሳጥን ከላይ እንደሚታይ የሚወስነው ቁጥር፣ እንደዛው ነው፣ በየክሊኩ አንድ እየደመሩ የሚሄዱ አሉ፣ ማስጠንቀቂያው 1000 ላይ ተተክሎ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሚሰራ ሰው ጋ ቁጥሩ ያልፈዋል፣ ስህተት ብላ የምታሳውቀው መልእክት ከኋላ ተደብቃ ትቀራለች። የዊንዶዎቹን ተራ በዝርዝር ይዞ ቁጥሩን ከዛ ማውጣት ይሻላል።

መደራረብ ደግሞ ግዴታ አይደለም። በ1985 የወጣው ዊንዶውስ 1.0 ራሱ ጎን ለጎን ነበር የሚደረድረው፣ መደራረብ የመጣው በ1987 በ2.0 ነው። ስክሪኗ 1366 በ768 ፒክስል የሆነች ላፕቶፕ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን የምታስይዝ አንዲት በተን ከብዙ መጎተት ታድናለች። ስልክ ላይ ከሆነ አንድ በአንድ ሙሉ ገጽ ይከፈት፣ እዛ ላይ ልጆቹ ልክ ናቸው።

መብራትም አለ። ጠፍቶ ሲመጣ የተከፈተው ሁሉ እንደነበረ፣ የተጀመረው ፎርም ከነቁጥሩ መመለስ አለበት፣ ትልቅ ስክሪን ላይ ሴቭ የተደረገ ቦታ ግን ትንሿ ላይ ዊንዶውን ከስክሪን ውጭ ይጥለዋልና ሲከፈት የስክሪኑ ልክ ይታይ።