አቤቱታ ሳትፈርምም መብት አላት

አሜሪካ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ካምፓስ ውስጥ ወሲባዊ ጥቃት ቢደርስባት ለማን ትናገር? መልሱን የዩኒቨርሲቲዎቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት እስቲ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት በጠበቃ ቋንቋ የተጻፈ ማለቂያ የሌለው ፒዲኤፍ ነው። በዚያች ሌሊት ያለች የ19 ዓመት ልጅ ይህን ቁጭ ብላ ታነባለች የሚል ሰው ካለ፣ እሱ ራሱ አላነበበውም።

ሕጉስ አጭር ነው። በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣው ታይትል ናይን የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ ይከለክላል፤ ወሲባዊ ጥቃትም በዚሁ ሥር ይታያል። ጣጣው ያለው ትምህርት ቤቶች ሕጉን እንዴት እንደሚያስፈጽሙ የሚናገረው ደንብ ላይ ነው፤ ዋይት ሀውስ የገባው ሁሉ ይገለብጠዋል። የኦባማ አስተዳደር በ2011 ያወጣውን መመሪያ የትራምፕ አስተዳደር በ2017 ሻረው፣ በ2020 የራሱን ደንብ አወጣ። ባይደን በ2024 ቀየረው። በጥር 2025 ደግሞ ኬንታኪ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት የባይደንን ውድቅ አደረገና ወደ 2020ው ተመለስን። በ2023 የገባች ተማሪ ሳትመረቅ ደንቡ ሄዶ መጣ ማለት ነው።

የ2020ው ደንብ የሚታወቀው በመስቀለኛ ጥያቄው ነው። አቤቱታ ካቀረበች ጉዳዩ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እስከሚያካሂደው ችሎት ሊደርስ ይችላል፤ እዚያ የተከሳሹ አማካሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ፣ ፊት ለፊት ይጠይቃታል። ከጠየቀች በተለያየ ክፍል ሆነው በቪዲዮ ይካሄዳል፤ አማካሪ ከሌላት ዩኒቨርሲቲው በነጻ ያቆምላታል። ተከሳሹ ራሱን መከላከሉን አልቃወምም፣ ከትምህርት መባረር ቀልድ አይደለም። ግን ልጅቷ ይህን ስትሰማ «ይቅርብኝ» ብላ ቤቷ ትገባለች፣ ማን ይፈርድባታል?

የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ያው ደንብ ሌላ በር አለው፣ ማንም አያወራለትም። ለታይትል ናይን አስተባባሪው፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለሚይዘው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ፣ መናገርና አቤቱታ መፈረም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምንም ሳትፈርም ዶርም መቀየር፣ ጥቃቱን ካደረሰባት ልጅ ጋር የምትማረውን ክፍል መቀየር፣ የፈተና ቀን ማራዘም፣ እንዳያናግራት ማሳገድ ትችላለች። በነጻ። አስተባባሪው ይህን የመንገር ግዴታ አለበት፤ የሚነገራት ግን ጉዳዩ ቢሮው ከደረሰ በኋላ ነው። ለምን የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሁለት መስመር አይጻፍም? ለዚህ የዋሽንግተን ፈቃድ አያስፈልግም።

ሌላው ደግሞ ሚስጥር ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሪውና የዶርም ኃላፊዋ የሰሙትን ለቢሮው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። የምታምነው ፕሮፌሰር ጋ ሄዳ አልቅሳ ትነግረዋለች፣ በማግስቱ ከማታውቀው ሰው ኢሜይል ይመጣላታል። አሳልፎ የሰጣት ይመስላታል፣ እሱ ግን ታዞ ነው። ሚስጥር ጠባቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የካምፓሱ የሥነ ልቦና አማካሪዎችና ሐኪሞች ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱ ጋ ብትሄድ ይሻላታል።

የኛ ልጆች ላይ ደግሞ የወላጅ ፍርሃት ይጨመራል። እናቷ ሰማች ማለት ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። በሕጉ ኮሌጅ ከገባች የትምህርት ፋይሏ የራሷ ነው፤ ቢሮው እናትና አባቷ ጋ የመደወል ግዴታ የለበትም። አንድ ቀዳዳ አለ፦ በግብር ላይ የወላጆቿ ጥገኛ ተብላ ከተመዘገበች ዩኒቨርሲቲው ሊነግራቸው ይችላል። ስለዚህ ከመናገሯ በፊት «ቤተሰቤ ጋ ይደርሳል ወይ?» ብላ ትጠይቅ። ሆስፒታል የሚደረገው የማስረጃ ምርመራም ፖሊስ ጋ ባትሄድ እንኳን በፌዴራል ሕግ ነጻ ነው፤ የቤተሰብ ኢንሹራንስ ካርድ ቢጠይቋት ይህን ትንገራቸው።