በአውራ ጣት መስማት

እሁድ የባለቤቴ አጎት ቡና ሊጠጡ መጡ። ጋሼ የተከበሩ ሰው ናቸው። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራገፉ፣ የቤቱን ሰው በየስሙ እየጠሩ ጤና ጠየቁ፣ ዝናቡን አማረሩ፣ ወዲያው ደግሞ ለቡናው ጥሩ ነው ብለው አመሰገኑት። ከዚያ ሳይቀመጡ በቀጥታ ወደ ስፒከሬ ሄዱ። መሃሉ ላይ ያለችውን ጉብ ያለች ክዳን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጓት። ጧ አለች። ወደ ውስጥ ገብታ እዚያው ቀረች።

"ላስቲክ ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ወረቀት ነው ጋሼ።"

"አሃ" አሉና ወደ ሁለተኛው ስፒከር ዞሩ። እሱንም ጫን አደረጉት። አንዱን ጎድቶ ሌላውን መተው አድልዎ መስሎ ታይቷቸው ይሆናል።

እኔ ምን አልኩ? "ምንም አይደል፣ ይቀመጡ" አልኩ። ከሚስቱ አጎት ጋር በወረቀት ጉብታ የተጣላ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

እስቲ ግን ልጠይቅ፣ ጣታችንን ምን ነካው? እኔ ማታ ማታ አሮጌ ሬድዮ፣ ቴፕና ሸክላ ማጫወቻ እየጠገንኩ፣ የስፒከር ሳጥን እየሠራሁ የማመሽ ሰው ነኝ። የእንጀራ ሥራዬ ሌላ ነው፤ ይሄ ሱሴ ነው። ጅማ ላይ ሱስ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ቅጠሉን ነው። የኔው ግን በቆርቆሮ የታሸገ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም የሬድዮ ዕቃ ነው፣ ኮንደንሰር ይባላል። እና ወደ ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ የተማረ ይሁን ያልተማረ፣ ስፒከሩን ገበያ ላይ አቮካዶ እንደሚመርጥ ሰው ይጫነዋል። አቮካዶስ ይሁን፤ መብሰሉ ይታወቃል። ስፒከር ተጭኖ ምኑ ይታወቃል?

ያቺ ጉብታ ጌጥ አይደለችም። የአቧራ መከላከያ ናት። ከኋላዋ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ቀለበት አለ። ቀለበቱ ማግኔቱ መሃል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በቀለበቱና በብረቱ መካከል ያለው ቦታ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። አንዲት የብረት ብናኝ ከገባች ድምፁ መቧጨር ይጀምራል። ለዚህ ነው ክዳን የተለጠፈላት። እ.ኤ.አ. በ1925 ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ይህን ዓይነት ስፒከር መልክ አስይዘው ለዓለም አሳዩ። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ጣትም አልተለወጠም።

የወረቀቷ ክዳን እንኳ ዕድለኛ ናት። ፕላስተር ለጥፎ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ትመለሳለች። ጭረቷ ግን አይጠፋም። ትዊተር የምንላት፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ናት የምታሳዝነው። ከሐር ጨርቅ የተሠራች ከሆነች ትነሳ ይሆናል። አሉሚኒየም ከሆነች አለቀላት። አንዴ የተጨማደደ አሉሚኒየም ለማንም ብሎ አይቃናም። በአሮጌዎቹ ስፒከሮች ዳር ዳሩን የሚዞረው ስፖንጅ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል። ሰው ይህንንም በጣቱ ነክቶ ያረጋግጣል። ስፖንጁ እጁ ላይ ይረግፋል። ከዚያ "እንዴ፣ ይሄ እኮ ተበላሽቷል!" ይላል። አዎ ጌታዬ፣ አሁን ተበላሽቷል።

ጣት ብቻ ቢሆን ግን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የድምፅ ዕቃ ሲመረጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ዕቃው ወደ ላይ ይነሳል። ከከበደ "ኦርጅናል ነው" ይባላል። ቀጥሎ መብራቱ ይታያል፤ ቀይና ሰማያዊ እየተቀያየረ ካልበራ ዋጋው ይወርዳል። ከዚያ ድምፁ መጨረሻ ድረስ ይለቀቃል። መስኮቱ ከተንቀጠቀጠ ተሸጠ። መስኮት መቼም ምስክር አይደለም፣ ካልተመረገ በማንም ይንቀጠቀጣል።

በመጨረሻ ካርቶኑ ይነበባል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ "5000 ዋት ፒኤምፒኦ" የሚል ተጽፏል። ፒኤምፒኦ ማለት ዕቃው በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ሊያወጣው ይችላል ተብሎ የሚገመት ኃይል ነው፤ የሚገምተውም ሻጩ ነው። ማንም የማይቆጣጠረው ቁጥር ነው። ዕቃውን ገልብጣችሁ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ብታነቡ ከመብራት የሚወስደው 40 ዋት ብቻ መሆኑን ታገኛላችሁ። 40 ገብቶ 5000 ይወጣል! አንዱ 125 ሆኖ ተባዛ ማለት ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ያለው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ነው። ግድቡን ለካርቶን ጸሐፊዎቹ ብንሰጣቸው 23,000 ሜጋ ዋት አድርገው ያስረክቡን ነበር። የህዳሴው ግድብ 5,150 ነው። ለካ ያን ያህል ዓመት ያዋጣነው ካርቶን የሚጽፍ ሰው አጥተን ነው።

ይህን ለአንድ ወዳጄ አስረዳሁት። ገልብጬ አሳየሁት። አነበበ። "እሱማ ልክ ነህ" አለኝ። ከዚያ ባለ 5000ውን ገዛ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይህን ተረት በጣም እወደዋለሁ። አያቴ ሐሜት በተነሳ ቁጥር ይሉት ነበር፤ ሰው ስለራሱ የሚወራውን ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚሰማው ለማለት። አያቴ ስቴሪዮ አልነበራቸውም እንጂ ለስቴሪዮ ገዥ የተተረተ ይመስላል። ለጆሮው ብሎ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዓይኑን ያማክራል፣ ክንዱን ያማክራል፣ ጎረቤቱን ያማክራል፣ አውራ ጣቱን ያማክራል። ጆሮውን የሚጠይቅ የለም። ስፒከሩ እንደሚያጉረመርም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ተማሪው ያውቃል፣ አራሷ ታውቃለች፣ ሕፃኑ ያውቃል። እሱ አይሰማውም። ባዳ ነዋ!

ይሄ የሚያናድደኝ ደግሞ በዚህ ከተማ መሆኑ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። እሳቸው የሚጫወቱት ቫይብራፎን ነው። ብረቶቹ በመዶሻ ይመታሉ፣ ከሥራቸው ቱቦዎች አሉ፣ በቱቦዎቹ አፍ ላይ ትንንሽ ክዳኖች በሞተር ይዞራሉ። ድምፁ ሲወዛወዝ የምንሰማው ለዚህ ነው። ያን መወዛወዝ በንጹሕ ትዊተር የሰማ ሰው ተመልሶ ባዝ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ጨምር አይልም። እኛ ግን ባዙን መጨረሻ አድርሰን፣ ትዊተሩን በጣት አጎድጉደን፣ "ሙዚቃው ጥንት ነው የቀረው" እንላለን።

የጥንት ነገር ካነሳን አይቀር፣ ስለ አባት ሬድዮም ልናገር። አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰውን ባለ አምፖል ሬድዮ ይዞ መጣ። የእንጨት ሳጥን፣ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ቁልፍ፣ ጣቢያ ሲያዝ የምትጠብ አረንጓዴ ዓይን። ውበቱ ልዩ ነው። ለ30 ዓመት ቁም ሳጥን ላይ ነበር።

"ምን ሆነ?" አልኩት።

"ይሠራል ወይ ብዬ ሰካሁት።"

ይኸው ነው። ሰካው። የዚያ ዘመን ሬድዮ ውስጥ ያሉ ኮንደንሰሮች ከ200 እስከ 300 ቮልት ይሸከማሉ። ለዓመታት ሳይሠሩ ሲቀመጡ ውስጣቸው ያለችው መከላከያ ሽፋን ትሳሳለች፣ ፈሳሹም ይደርቃል። በድንገት ሙሉ መብራት ሲደርስባቸው ይግላሉ፣ ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። አንዳንዴ ትራንስፎርመሩን ይዘውት ይሄዳሉ። አባትየው በጥንቃቄ ያኖሩትን ዕቃ ልጅ በአንድ ሶኬት ጨረሰው። ከዚያ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቀላል ናት፣ አንድ ሽቦ ነው የተነቀለው።"

አንድ ሽቦ! ይቺን ሽቦ ባገኘኋት። ቴፑ ቢቃጠል አንድ ሽቦ ነው። ስፒከሩ ቢቀደድ አንድ ሽቦ ነው። ዋጋ ስነግረው "ለአንድ ሽቦ?" ይላል። ለመኪናው መካኒክ፣ ለጥርሱ ሐኪም እንዲህ አይልም። በጥርሱ ላይማ "አንድ ነርቭ ናት፣ በጥሳት" ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ለማንኛውም አሮጌ ሬድዮ ያላችሁ ስሙኝ፣ አትሰኩ። መጀመሪያ ይከፈት፣ አቧራው በብሩሽ ይጠረግ፣ ኮንደንሰሮቹ ይታዩ። ከዚያ ባለ ክሩን የድሮ አምፖል፣ ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋቱን፣ በሬድዮውና በመብራቱ መካከል በተርታ አስገብቶ መሞከር ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቆየ ውስጡ ሾርት አለ፣ ወዲያው ይነቀል። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ተስፋ አለው። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ይህን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ሬድዮ ከተነቀለ በኋላም ኮንደንሰሩ ውስጥ የሚቀረው ቮልት ጣት አይምርም። እዚያ ላይ ነው ጣታችን መቅጣት ሳይሆን መቀጣት የሚማረው።

አሁን ወደ ዋናው ቂሜ ልምጣ። አናጢው።

ጅማ የእንጨት ከተማ ናት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ባለ ሦስት እግር የሚወጣው በርጩማዋ አገር ያውቀዋል። በዚህ ከተማ የስፒከር ሳጥን ማሠራት ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም ወረቀት ላይ ነድፌ ሄድኩ። የ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ የውስጥ ይዘቱ 40 ሊትር፣ ከፊት አንድ የአየር መውጫ ቀዳዳ። ቁጥሮቹ እንዲሁ ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኔቪል ቲል የተባለ አውስትራሊያዊ መሐንዲስ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሪቻርድ ስሞል፣ ለየስፒከሩ የሚስማማው ሳጥን ስንት ሊትር እንደሆነና ቀዳዳው ምን ያህል መርዘም እንዳለበት የሚሰላበትን መንገድ አስቀምጠዋል። ሳጥኑ ከጠበበ ባዙ አንድ ቦታ ላይ እየደለቀ ይቀራል። ቀዳዳው ከተሳሳተ ሳጥኑ ያጓራል።

አናጢው ወረቀቱን አየው። አጠፈው። ኪሱ ከተተው። "እኔ በዓይኔ ነው የምለካው ወንድሜ" አለኝ።

ሳጥኖቹ ደረሱ። አንዱ ከሌላው ሁለት ጣት ይረዝማል። ለምን ስለው "አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናት" አለ። ኮምፔርሳቶውን ትቶ በዋንዛ ነው የሠራው። "ኮምፔርሳቶ ለኮርኒስ ነው፣ ላንተ አይመጥንም።" ዋንዛ ውብ እንጨት ነው፣ ምንም አልወጣለትም። ግን ሰፊ የዋንዛ ጣውላ በጅማ ክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል። የስፒከር ሳጥን ደግሞ አየር ማሳለፍ የለበትም። በጋው ሲገባ መጋጠሚያው ተከፈተና ሳጥኑ ማፏጨት ጀመረ። የአየር መውጫውስ? የለም። "ቀዳዳ አይጥ ያስገባል ብዬ ደፈንኩልህ።" ማፏጫውን በነፃ ሠርቶ የከፈልኩበትን ቀዳዳ ደፈነው።

በቀዳዳው ፋንታ ፊት ለፊት ላይ ጀበና ቀርጾበታል። ከነሲኒዎቹ። አላዘዝኩም። አልነደፍኩም። ጀበናው በእውነቱ በጣም ያምራል፣ እንፋሎቱ ሁሉ አለ። ሒሳብ ስንተሳሰብ ግን ከተስማማነው በላይ ጠየቀኝ።

"ይሄ የምንድን ነው?"

"የጀበናው ለብቻ ነው።"

ከፈልኩ። የከፈልኩት ከረዳቱና ከግማሽ ሰፈር ፊት ስለነበርን ነው። እስከ ዛሬ ግን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ገንዘቡ አይደለም። ወረቀቱን ሳያነብ ኪሱ መክተቱ ነው። እንግዶቼ ደግሞ ሳጥኖቹን ሲያዩ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ጀበናው!" ይላሉ። ስለ ድምፁ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። አንዷ ልጅ ሲኒዎቹን በጣቷ እየዞረች ቆጥራቸው ሄዳለች።

ጣት። አዎ፣ ስለ ጣት ነበር የማወራው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ስፒከሩ ፊት ላይ የብረት ወንፊት መግጠም። ወንፊቱ ይገኛል። ፍሬሙን የሚሠራ አናጢ ግን ያስፈልጋል። ሰፈራችን ያለው አናጢ አንድ ነው፣ እሱም ያው ነው፣ እሱ ጋ ደግሞ አልሄድም። ስለዚህ ለጊዜው ስፒከሮቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሬያቸዋለሁ። ድምፁ ታፍኗል። ልዩነቱን ያስተዋለ እንግዳ እስካሁን አልመጣም። ትናንት የመጣው ግን ከኋላ ያሉትን የሽቦ መግጠሚያዎች ሳብ ሳብ አድርጎ አያቸውና "ጠንካራ ነው" አለኝ።