ዘንድሮም ዕጩ ነኝ

ሜሪላንድ ውስጥ ለስቴቱ ምክር ቤት አባልነት፣ ማለትም ለዴሌጌትነት፣ ለመወዳደር የሚከፈለው መመዝገቢያ 50 ዶላር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሰው በያይነቱ በልቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ ለአስተናጋጇ ጉርሻ ጥሎ ሲነሳ ከዚያ ብዙም አይቀርለትም። በዚህ ዋጋ ስምን በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ማየት ከተቻለ፣ የሚገርመው ሳይወዳደር የሚቀረው ሰው ነው።

የምርጫው ቀመርም ለደጋጋሚ ተወዳዳሪ ልክ ተደርጎ የተሰፋ ነው። የስቴቱ ምርጫ በአራት ዓመት አንዴ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. 2018፣ 2022፣ 2026። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ወንበሮች ግን ተከፋፍለው በየሁለት ዓመቱ ይቀርባሉ። ስለዚህ በ2022 ለዴሌጌትነት የወደቀ ሰው በ2024 ለቦርዱ ይቀርባል፣ በ2026 ወደ ዴሌጌትነቱ ይመለሳል። በመጀመሪያው ፍላየር ላይ «ነጋዴና የልጆች አባት» የነበረው ሰው በሁለተኛው «የማኅበረሰብ መሪ»፣ በሦስተኛው «የቀድሞ ዕጩ» ሆኖ ይመጣል። ልምድ ማለት ይሄ ነው።

ዴሌጌትነቱ ሲከብደው «እስቲ ዝቅ ልበልና ከትምህርት ቦርዱ ልጀምር» ይላል። ዝቅ ያለ መስሎታል። ስቴቱ 47 ዲስትሪክት አለው፤ እያንዳንዱ ሦስት ዴሌጌት፣ በድምሩ 141 ይልካል። እዚያ የሚለምነው የራሱን ዲስትሪክት ሰው ብቻ ነው። የሞንትጎመሪን ትምህርት ቦርድ አባል ግን፣ ወንበሩ የአንድ ዲስትሪክት ቢሆንም፣ የሚመርጠው ካውንቲው በሙሉ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ካውንቲ። ሰፈሩ ያልመረጠው ሰው አገሩን ሁሉ ሊያሳምን ይነሳል ማለት ነው። ከስምንቱ ወንበር አንዱ የተማሪ ነው፤ የሚመርጡትም ተማሪዎች ናቸው። ወዳጃችን ያልሞከረው እሱን ብቻ ነው፤ ዕድሜው ባይከለክለው ኖሮ እሱንም አይምርም ነበር።

ለትምህርት ቦርድ በፕራይመሪው፣ ከዋናው ምርጫ በፊት ባለው ማጣሪያ፣ ሁለቱ የበለጡት ያልፋሉ። ለወንበሩ የተመዘገቡት ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን ፕራይመሪው ይቀርና ሁለቱም በቀጥታ ወደ ኅዳሩ ምርጫ ይሄዳሉ። ይሄን ጊዜ ነው የቫይበር ግሩፑ በእልልታ የሚቀልጠው፦ «ወንድማችን ፕራይመሪውን አለፈ!» ያልተሮጠ ሩጫ አሸናፊ። በኅዳርም ወረቀቱ ላይ ያሉት ሁለት ስሞች ናቸውና፣ ማንነቱን የማያውቁ ሰዎች ጭምር ቀለም እየቀቡለት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ድምፅ ያገኛል። በዚያ ቁጥር ሌላ አራት ዓመት ይኖርበታል።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ቆጠራው ላይ ነው። ቅስቀሳው የሚከፈት ዕለት አዳራሹ ጢም ይላል፣ ክትፎው ይወጣል፣ «ከጎንህ ነን» የማይል የለም። እስቲ እንለየው። ግማሹ ከአሌክሳንድሪያና ከስፕሪንግፊልድ የመጣ ነው፤ ገንዘብ መስጠት ይችላል፣ ድምፁ ግን ቨርጂኒያ ነው። ከቀረው ውስጥ ግሪን ካርድ ያለው ማዋጣት ይችላል፣ መምረጥ አይችልም። ዜግነት ካገኘው ገሚሱ ሌላ ዲስትሪክት ነው የሚኖረው። የተረፉት ጥቂቶች ላይ ደግሞ የፓርቲው ጉዳይ ይመጣል። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው፤ በዲሞክራቶቹ ፕራይመሪ የሚመርጠው ዲሞክራት ሆኖ የተመዘገበ ብቻ ነው፤ ዲሞክራት በሚበዛበት በእኛ ሰፈር ደግሞ ነገሩ የሚያልቀው እዚያው ፕራይመሪው ላይ ነው። የእኛ ሰው ግን ፓርቲ የሚባል ነገር አገር ቤት አይቶታል። ዜግነቱን አግኝቶ የመራጭነት ፎርም ሲሞላ «ፓርቲ» የሚል ሲያይ ይደነግጣል፤ «እኔ የለሁበትም» የሚለውን ሳጥን መርጦ እፎይ ብሎ ይፈርማል። በምርጫው ቀን ከወረቀቱ ፊት ቆሞ ይደውላል፦

«ጋሼ፣ ስምዎ የለም እኮ!»

አለ፤ እሱ የያዘው ወረቀት ላይ ነው የሌለው። ለእሱ የሚሰጠው ከፓርቲ ነፃ የሆነው፣ የትምህርት ቦርዱ ነው። ያን ዕለት አዲስ መራጭ ሆኖ መመዝገብ ይቻላል፣ ፓርቲ መቀየር ግን አይቻልም፤ ቀነ ገደቡ ከሦስት ሳምንት በፊት አልፏል። ክትፎ ከመታዘዙ በፊት የእያንዳንዱን እንግዳ አድራሻ፣ ዜግነትና ፓርቲ ማጣራት የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ግን እንዲህ ተደርጎ ግብዣ ይጠራል እንዴ?

ስሙን የሚያገኘውም ቢሆን ፈልጎ ነው። ዕጩዎች የሚደረደሩት በእንግሊዝኛው ፊደል በመጨረሻ ስማቸው ተራ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ አበራ እያለ የሚጠራው ሰው የአያቱ ስም ዘለቀ ከሆነ ከግርጌ ነው የሚገኘው፣ ከላይ የጀመረ መራጭ እዚያ ሳይደርስ እጁ ይደክማል።

ገንዘቡም የራሱ ሥርዓት አለው። ዕጩው የራሱ ገንዘብ ያዥ መሆን አይችልም። ከ1,000 ዶላር በታች የሚንቀሳቀስ ያንኑ ፈርሞ ከተከታታይ ሪፖርት ይገላገላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሰጪው በስምና በአድራሻ ይመዘገባል። በካሽ ከአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ አይወሰድም፤ በጠቅላላው ደግሞ በአራት ዓመት ከ6,000 አይዘልም። እትዬ ወፍራም ፖስታ እጁ ውስጥ ጨብጠው «ዝም ብለህ ያዘው፣ ስሜንም እንዳትጽፍ» ሲሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሕግ ጥሰዋል። ደግነታቸው ግን እውነት ነው።

ብልኅ ደጋጋሚ የግቢ ሳይን ሲያሳትም፣ ያው የተለመደው 18 በ24 ኢንቹን፣ ዓመትም የሥልጣን ስምም አይጽፍበትም። ስምና ፈገግታ ይበቃል፤ ለየትኛውም ወንበር ያገለግላል። ችግሩ ሕጉ ከሥር የገንዘብ ያዡ ስም እንዲጻፍ ማስገደዱ ነው፤ ገንዘብ ያዥ ደግሞ በየምርጫው ይኮበልላልና የአዲሱ ስም በስቲከር ይለጠፍበታል። ስቲከሩን ቢልጡት የሁለተኛው ዙር ገንዘብ ያዥ፣ እሱን ቢልጡት የመጀመሪያው ብቅ ይላል። ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ደግሞ ከ100 ጫማ መስመር ውጭ ቆሞ ፍላየር ሲያድል፣ የመምህራኑ ማኅበር ሰዎች ከጎኑ በፖም ቅርጽ የተቆረጠውን «አፕል ባሎት»፣ ማኅበሩ የሚደግፋቸውን ዕጩዎች ዝርዝር፣ ያድላሉ። መራጩ የእሱን ፍላየር ኪሱ ይከትና ከፖሙ ላይ ይገለብጣል።

እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን አይደለም። ሃሮልድ ስታሰን በ1938፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ የሚኒሶታ ገዥ ሆኖ ተመረጠ፤ ከ1944 እስከ 1992 ድረስ ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ደጋግሞ ተነሳ። እዚሁ ሞንትጎመሪ ሮቢን ፊከር አለ። በ1978 ለዴሌጌትነት ተመርጦ አራት ዓመት አገለገለ፤ ከዚያ ወዲህ ያላንኳኳው በር ጥቂት ነው። በ2016 ግን የካውንቲው ሹማምንት በተከታታይ ከሦስት የሥልጣን ዘመን በላይ እንዳይቆዩ የሚለውን ጥያቄ ለሕዝብ አቀረበና አሳለፈ። እነሱ አላስገቡትም፣ እሱም አብዝተው እንዳይቀመጡ አደረገ።

አለመተዉ ታዲያ ሁልጊዜ ከፍቅር አይደለም፤ ከሂሳብም ነው። ዋናው ብድር ከራሱ ኪስ ለራሱ ቅስቀሳ ያበደረው ነው። የቅስቀሳ ኮሚቴውን ልዝጋ ካለ ያን ገንዘብ «ምሬዋለሁ» ብሎ መፈረም አለበት። ካልዘጋ ደግሞ በየዓመቱ በጥር ወር ሪፖርት ይጠየቃል፤ ከዘገየ ቅጣት አለው። ብድሩ ሊመለስ የሚችለው አዲስ መዋጮ ሲገባ ነው፤ አዲስ መዋጮ የሚገባው ደግሞ ለሚወዳደር ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እንዝጋው?» ይላል አራተኛው ገንዘብ ያዥ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም።

«ቆይ እስቲ። የትምህርት ቦርዱ መመዝገቢያ መቼ ነበር የሚያበቃው?»