መሬት እስኪንቀጠቀጥ አትጠብቁ
«ሱናሚ ከመምጣቱ በፊት መሬት ስለሚንቀጠቀጥ የባሕር ዳር ነዋሪ ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል» የሚል አባባል አለ፤ ይህ ግን እሳተ ገሞራ ለሚያስነሳው ሱናሚ አይሠራም፤ ይህን አምኖ የሚቀመጥ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ታኅሣሥ 13 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2018) ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ኢንዶኔዥያ ውስጥ አናክ ክራካታው የተባለው የደሴት እሳተ ገሞራ ደቡብ ምዕራባዊ ጎን ተንዶ ባሕር ውስጥ ገባ። 338 ሜትር የነበረው ተራራ በቀናት ውስጥ ወደ 110 ሜትር ወረደ። ማዕበሉ በግማሽ ሰዓት ገደማ የጃቫንና የሱማትራን ደሴቶች ዳርቻ መታ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአገሪቱ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የተሠራው ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመዘገብ እንዲነቃ ነበር። ናዳው ግን የሚፈጥረው ንዝረት ዝግ ያለ ስለሆነ አውቶማቲክ መሣሪያዎቹ እንደ አደጋ አልቆጠሩትም፤ ሳይረኑም አልጮኸም። «ውቅያኖስ ላይ ቡይ (ማዕበልን የሚለይ ተንሳፋፊ መሣሪያ) ቢኖር ይበቃ ነበር» ለሚሉ ደግሞ፦ ጥልቅ ውቅያኖስ ላይ የሚተከል ቡይ እንዲህ ላለ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ብዙም አይጠቅምም። የሚያዋጣው ተራራውን በከበቡት በሰርቱንግ፣ በፓንጃንግና በራካታ ደሴቶች ላይ የውኃ ከፍታ መለኪያ ተክሎ ንባቡን በየጥቂት ሰከንዱ መላክ ነው። ማዕበሉ እዚያ የሚደርሰው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ለዳርቻው ሰው ሃያ ደቂቃ ያህል ይተርፋል፤ ይህም ወደ ኮረብታ ለመውጣት ይበቃል። ደግሞም ሱናሚ ከመምጣቱ በፊት ባሕሩ ሁልጊዜ ከዳርቻው ወደ ኋላ አይሸሽም። ስለዚህ በአቅራቢያው ያለ የደሴት እሳተ ገሞራ እየፈነዳ ከሆነ ባሕር ዳር ባለ ምድር ቤት አትተኙ፤ ከባሕሩ በኩል ያልተለመደ ጉርምርምታ ከሰማችሁ ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ፤ የመጀመሪያው ማዕበል አለፈ ብላችሁም ለሰዓታት አትመለሱ፣ ተከታዩ ሊበልጥ ይችላልና።